የአባባ ምንሽር ማንገቻ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሀረገወይን፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ለቀቅ አደረገሽ ወይ? የዴንቨር ብርድ እንዴት ይዟችኋል? ጋሼ ጥሩነህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ አካሌ ደህና ነው። ሆዴ ግን ደህና አይደለም። ምክንያቱን ዛሬ ልነግርሽ ነውና እባክሽ ሳትቆጪ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

እትዬ፣ የአባባ ምንሽር መንገድ ላይ አልጠፋም። ጠፋ ያልኩሽ ዋሽቼ ነው።

የአባባ መርዶ የመጣ ለት፣ ጠመንጃቸው ከፎቷቸው አጠገብ ሳይቆም ለቅሶ አልቀመጥም ብለሽ ስታለቅሺ፣ አላሜዳ ያሉት ሚስተር ዋልተር ትዝ አሉኝ። አገር ቤት አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ከአባባ ጋር ሠርተው ወደ አሜሪካ ሲመለሱ አባባ ምንሽሩን የሸለሟቸው ሰውዬ ናቸው። ሄጄ ብነግራቸው ሽማግሌው አለቀሱ። ጠመንጃውን ከነማንገቻው፣ ከአገር ሲያስወጡት ካሠሩት ወረቀት ጋር አምጥተው ለልጆቹ ይመለስ ብለው ሰጡኝ። ደንቡን ሳትጠይቅ እንዳትልከው ብለውኝም ነበር።

እኔ ምኑን ልጠይቅ! አገር ቤት ደርግ ቤት ለቤት መሣሪያ ሲፈትሽ፣ በዚያ በአሰሳው ዘመን፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ፊት ጠመንጃ ብሎ መጥራት ምን እንደነበር ታውቂዋለሽ። በጋቢ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። የዕቃ አመላላሹ ድርጅት ሠራተኛ ምን እንዳለበት ስትጠይቀኝ የቤት ዕቃ ነው አልኳት፤ ፎርሙ ላይም እንደዚያው ሞልቼ ፈረምኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ካርቶኑ መንገድ ላይ ተቀደደና አፈሙዙ ብቅ አለ። ከድርጅቱ ስልክ ኮል አድርገው ጠሩኝ፤ ስደርስ የመንግሥት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ጠመንጃ መሆኑን ለድርጅቱ በጽሑፍ ማሳወቅ ነበረብኝ። ሌላ ስቴት ላለ ሰው ደግሞ በቀጥታ አይላክም፤ ላይሰንስ ላለው ጠመንጃ ነጋዴ ይላክና አንቺ መታወቂያሽን አሳይተሽ፣ ፎርም ሞልተሽ ትረከቢው ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ኋላ ሳጣራ እንዲህ ያለው ነጋዴ ካንቺ ቤት ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ አለ። እኔን አስጠንቅቀው ለቀቁኝ፣ ምንሽሩን ግን ወረሱት። ሚስተር ዋልተር በወረቀት ያወጡትን እኔ በውሸቴ አስወረስኩት።

ለቀስተኛው በመጣ ቀን ከፎቶው አጠገብ ያለውን ቦታ ባዶ ትተሽ እንደጠበቅሽ ልጅሽ መሠረት ነገረችኝ። እስካሁንም ምንም አላስቀመጥሽበትም አሉ። ድርጅቱ ቢሮም በየሳምንቱ እየሄድሽ ዕቃዬ አልመጣም ወይ ትያለሽ አሉ። እትዬ፣ አትሂጂ። አይመጣም። ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽና ይቅር በይኝ።

ማንገቻው ስፌቱ ተተርትሮ ስለነበር ሳን ሆዜ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሰጥቼው ነበርና እሱ ተርፏል። ዛሬ ጠዋት ላክሁልሽ፤ ከፎቶው አጠገብ ስቀዪው።

ጋሼ ጥሩነህን እጅ ነሳሁ በይልኝ። መሠረትን ሳሚልኝ። ወንድሟ አክሊሉም በእንግሊዝኛም ቢሆን ይጻፍልኝ።

ማንገቻውን ስልክ ያችው ሠራተኛ ነበረች። ፎርሙ ላይ «የአባቴ የጠመንጃ ማንገቻ፤ ጠመንጃ የለውም» ብዬ ሞላሁ። አነበበችውና ማህተሟን መታችበት። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ታናሽ ወንድምሽ ጋሻው
ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
የካቲት 9 ቀን 1976 ዓ.ም.