በአቶ በድረዲን ስም የተጻፈው ጥፋት

የማኅበራችን ጸሐፊ ተናኜ ለአሥራ አንድ ዓመት ለማንም ያልነገረችውን ትናንት ለጉባኤው ተናግራለች፤ ጉባኤውም የሐዘን መግለጫችን በዚሁ ይጀምር ብሏል። ነሐሴ 1996 ዓ.ም. ጎርፉ ወደ አትክልታችን የሚገባበትን መግቢያ ሳይደፍን የተወው አቶ በድረዲን አልነበሩም። እርሷ ነበረች።

የቆቦ የጓሮ አትክልት ማኅበር መሥራች አቶ በድረዲን የካቲት 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሐዘናችን የከበደው ስለ ሞታቸው ብቻ ሳይሆን ስማቸውን ሳናጠራ ስለ ቀበርናቸውም ነው።

በ1991 ዓ.ም. ቀበሌው በወንዙ ዳር የነበረውን የቆሻሻ መጣያ ሲሰጠን፣ አቶ በድረዲን ሃያ ሁለት አባላትን ባዶው መሬት ላይ አስቀምጠው በምርኩዛቸው መደብ አሰመሩ። እያንዳንዱ አባል በመደቡ ላይ በሐሳቡ የሚያየውን ተክል ዛሬውኑ የበቀለ አስመስሎ እንዲናገር፣ የተናገረውንም እንዲተክል ደንብ አወጡ። «በድረዲን ባልተተከለ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡን» ተብሎ ተሳቀባቸው። በ1994 ዓ.ም. ፓፓያችን ጎብዬ ገበያ ደረሰ።

በ1996 ዓ.ም. ጎርፉን ለመስኖ ወደ መደቡ የመጥለፍ ተራቸው በደረሰበት ቀን ሮቢት ቀብር ስለ ነበረባቸው ተራውን ለተናኜ ሰጡ። ጎርፍ የሚወርደው ደጋው ሲዘንብ ነው፤ ቆቦ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ ፊደል በራሷ የቆጠረችው ተናኜ መጽሐፍ ይዛ ተቀመጠች። መሬቱ ጠጥቶ ሲበቃው መግቢያውን በአፈር መድፈን ሲገባት ዘገየች። ጎርፉ ሦስት መቶ አርባ ችግኝ ከነአፈሩ ወሰደ። ጉባኤው ተረኛው ማን እንደ ነበር ሲጠይቅ አቶ በድረዲን «የእኔ ተራ ነበር» አሉ።  እርሳቸው ከሊቀ መንበርነት የተሻሩበትን ቃለ ጉባኤም ተናኜ በእጇ ጻፈች።

በሳምንቱ አቶ በድረዲን የውሃ ጉድጓዳችን አጠገብ አግኝተው ያሏት ይህን ነው፦ «ተናኜ እህቴ፣ ማንበቡን እንዳትተይው። ከኛ ውስጥ የሚጽፍልን አንች ብቻ ነሽ።»

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በተራ አባልነት አረሙ፣ ኮተኮቱ፣ ጎርፍ የወሰደውን መደብ መልሰው ተከሉ። ዘንድሮ ጎርፉ ቀርቶ ጉድጓዱ ሲጎድል፣ ታመው ሳሉ በሰው ተደግፈው መጡና በደረቀው መደብ ላይ የሚያዩትን እንደ ድሮው የበቀለ አስመስለው ነገሩን። ያሉትን እንተክላለን ብለናል፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ግን አናውቅም።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ኡሙልኸይር፣ ለቤተሰባቸውና አብረዋቸው ለቆፈሩ ሁሉ አላህ ሶብሩን ይስጥ።

ይህ ጽሑፍ በቀበሌው ሰሌዳ ይለጠፋል፤ ከ1996ቱ ቃለ ጉባኤ ጋርም ይታሰራል። የመጀመሪያው ቅጂ ግን አባቷ ከተሻሩ ወዲህ በአትክልቱ በር ገብታ ለማታውቀው ለልጃቸው ለኢቅራ ነው። ተናኜ ራሷ ይዛላት ትሄዳለች።