«ተመሳሳይ» የሚለው ካርቶን

ሐሙስ፣ ሰኔ 6 ቀን

ለሩቋ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? እኔ ጉልበቴን ካልቆጠርሽው ደህና ነኝ። በስልክ ስናወራ ሁለታችንም ቶሎ ስለምንቆጣ መጻፍ ይሻለኛል ብዬ ነው። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ስታነቢ አትቸኩይ።

በላክሽልኝ የታተመ ደብዳቤ ጥቅል ላይ «ከአርባው ደብዳቤ ስንቱ እንደተፈረመ አሳውቂኝ» ብለሽ ለጥፈሻል። ሰላምታ እንኳ የለውም፤ ይሁን። መልሱ ማንም አልፈረመም ነው። ሳትናደጂ ጨርሰሽ አንብቢው።

ያንቺ መሥሪያ ቤት የሚያሳትመው ደብዳቤ መጨረሻው የት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የምክር ቤት ተወካያችንን ቢሮ ስወለውል አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። «የተከበሩት» ነው የምላቸው፤ ደብዳቤው ሁሉ «ለተከበሩ» ብሎ ስለሚጀምር። ጸሐፊያቸው ፖስታውን ትቀድና የመጀመሪያውን መስመር አይታ «ያው ነው» ትላለች። ከዚያ በሩ ሥር ወዳለው ካርቶን ትወረውረዋለች። ካርቶኑ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «ተመሳሳይ» ተብሎ ተጽፏል። አርብ አርብ ትቆጥርና «ስለ አየር ንብረት ሕጉ፣ ድጋፍ፣ ሦስት መቶ አርባ» ብላ አንድ መስመር ታሰፍራለች። የተከበሩት አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ በቃ። ወረቀቱ ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ የስልክ መልእክት ይጻፍበታል። ለየት ያለ ደብዳቤ ከመጣ ግን ቀይ አቃፊ ውስጥ ይገባል፤ እሱን ራሳቸው ያነቡታል።

ያንን ካርቶን ስንት ዓመት ደፋሁት፤ ምን እንደሚል ሳላውቅ። አባቴ ወንድሞቼን ትምህርት ቤት፣ እኔን ውሃ ልኮኝ፣ ይኸው በስልሳ ዓመቴ ፊደል ቆጥሬ ልድፋው ስል ያንቺን ደብዳቤ አነበብኩት። ቆንጆ ነው። ሦስት መቶ አርባ ጊዜ ቆንጆ ነው።

ፊትሽን አታጥቁሪ፤ ይህ ነገር እኔም ላይ ደርሷል። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ደብዳቤዬን የሚጽፍልኝ ፖስታ ቤት በር ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ ነበር። እኔ ግማሽ ሰዓት እነግረዋለሁ፣ እሱ አራት መስመር ይጽፋል። ለካ እሱ የሚያውቃቸው ሦስት ደብዳቤዎች ብቻ ናቸው፤ የሰላምታ፣ የሐዘንና የልመና። በመጨረሻ «እማዬ፣ ደብዳቤዎችሽ ሁሉ አንድ ናቸው፤ ልብሽ ደርቋል» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እሱንም ያነበበልኝ እሱው ነው፤ ድምፁን እንኳ ሳይቀይር። በሳምንቱ የእሑድ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሕጉ ካለፈ ወንዙ ዳር የጎርፍ መከላከያ ይገነባል፣ የተራቆተው ተራራ ዛፍ ይለብሳል፣ ፋብሪካዎቹም ጭሳቸውን ይቀንሳሉ ተብሏል። ካላለፈ እኛ የወንዝ ዳር ሰዎች በየክረምቱ አልጋችንን ጡብ ላይ እንደሰቀልን እንቀራለን። የተከበሩት ደግሞ ወዴት እንደሚያዘነብሉ አይታወቅም። ስለዚህ አርባውን ወረቀት ይዤ የእሑድ ክፍላችን ሄድኩና «የታተመ አይነበብም፤ በእጃችን እንጻፈው» አልኳቸው። መምህራችን ጡረተኛ ነው፤ በየመስመሩ «እዚህ ጋ ተንፍሱ» ስለሚል ነጠላ ሰረዝ እንለዋለን። ደስ አለው። «የዛሬው የእጅ ጽሑፍ ልምምድ ይኸው ነው። አንዲት ፊደል እንዳትዘሉ» አለ።

አብሮን የሚማረው ልብስ ሰፊ አልዘለለም። በሚያስቀና ጽሑፍ ምን ብሎ ገለበጠ መሰለሽ፤ «እኔ እዚህ ላይ ሙሉ ስምዎን ይጻፉ የተባልኩ የወንዝ ዳር ነዋሪ፣ ጎርፉ እዚህ ላይ ጉዳትዎን በሁለት መስመር ይግለጹ አድርሶብኛል።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ሦስተኛው መስመር ላይ «ይሄ ዘላቂነት የሚሉት ነገር እጄን አዛለው» ብላ የራሷን ጻፈች፤ «ውሃው ምድጃዬ ገብቶ ሰፈሩ አሥራ ሁለት ቀን ዳቦ አጣ። እርስዎም ከእኔ ነው የሚገዙት።» እኔም ከመሃል ላይ ያንቺን ትቼ የራሴን ቀጠልኩ።

ሰኞ ደብዳቤዎቹን አድርሼ ወለሉን ስጠርግ ጸሐፊዋ የልብስ ሰፊውን ከፈተች። «ያው...» አለችና ቆመች። ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የተከበሩት ከውስጥ ብቅ አሉ።

«ምንድነው የሚያስቅሽ?»

አነበበችላቸው። እሳቸውም ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። «እስቲ ሌላ ካለ አምጪ» አሉ። የዳቦ ጋጋሪዋን ሲሰሙ ሳቃቸውን አቆሙ። ሦስተኛውን ራሳቸው አንብበው ቀና አሉ።

«እማማ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሲሠሩ ወንዝ ዳር እንደሚኖሩ አላወቅሁም።»

«አልጠየቁኝም» አልኳቸው። መጥረጊያ የያዘ ሰው ምን ይፈራል?

እኔን ወንበር ላይ አስቀምጠው ደብዳቤዬን ሁለተኛ አነበቡት። የዚህን ሳምንት ሳይሆን የሚቀጥለውን ሳምንት ቅዳሜ ሰፈራችን ድረስ መጥተው ሊያዩ ቀጠሮ ያዙ። በሕጉ ላይ ድምፅ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ባለው ሐሙስ ነው። ቃል አልገቡም፤ ግን ቦት ጫማ እንዲፈለግላቸው ለጸሐፊዋ ሲነግሯት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ጸሐፊዋ ኋላ ላይ «እማማ፣ ያ ሦስት መቶ አርባው ባይመጣ ጉዳዩ አጀንዳቸው ላይም አይገባም ነበር» አለችኝ። ስለዚህ ድካምሽ ከንቱ አይደለም። የታተመው በር ያንኳኳል፤ ገብቶ የሚቀመጠው ግን ሌላ ነው። ይህን ለአለቆችሽ ንገሪ። ልብስ ሰፊው አሁንም «የተጻፈውን ነው የጻፍኩት፤ ምን ያስቃል?» እያለ ኩርፊያ ላይ ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ ግን «ሀገር ያዳነው ያንተ ስም አልባ ጉዳት ነው» እያለች ታበሽቀዋለች።

የእኔን ምን እንደሚል ሳትጠይቂ አትቀሪም። አጭር ነው፤ «ውሃው የልጄ ክፍል ሦስት ጊዜ ገብቷል። ሦስት ጊዜ ኖራ ቀብቼዋለሁ። ብትመጣ እርጥብ ግድግዳ ሥር አላስተኛትም» ነው የሚለው። የተከበሩት ከመውጣታቸው በፊት በር ላይ ቆመው «ልጅዎ መቼ ነው የምትመጣው?» ብለው ጠየቁኝ። እንዳልሰማሁ ሆኜ ባልዲዬን አንስቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ክፍሉን ሲያዩ መጠየቃቸው አይቀርም። ምን ልበላቸው?

ክንድሽ አይዛል፤ ቃልሽን ጨርሶ የሚያነብ ዓይን አትጪ።

እናትሽ፣ በገዛ እጇ