የዘውዱ ባሕር ዛፍ አልነበረም

ለተወደዱት አባቴ ለቄስ ወልደሚካኤል፣

አባባ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ይፍቱኝ እላለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? ሞራው የተገፈፈው ዓይንዎ ደኅና ሆነ ወይ? የአዲስ አበባው መንገድስ ጉልበትዎን አልጎዳዎትም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የእኔ ደኅንነት ግን ከአፍ አያልፍም። እህቴ ሠናይት፣ ይህን ለአባባ ስታነቢላቸው አንድም ቃል አታስቀሪ።

ላማችን ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት። ስለ ቄጠማው ጠይቀውኝ ነበር። ሃያ ዓመት አጥረው ለቤተ ክርስቲያን የጠበቁት ረግረግ ዘንድሮም አልሰጠም። ከወገብ ይደርስ የነበረው ቄጠማ ስንዝር ሳይሞላ ጫፉ ቢጫ ይሆናል፤ ሲነቅሉት ሥሩ ጠቁሮ አጥሯል። ለቅዳሜ ስዑር የታደለው ከሐሙሲት በመኪና የመጣ ነው። ግንባሬ ላይ ሳስረው አፈርኩ።

ውሃውን የጠጣው የጎረቤታችን የዘውዱ ባሕር ዛፍ ነው ብለው ሽማግሌ ማስቀመጥዎን ያስታውሳሉ። ተፈረደበትና ቤት ሊሠራበት ያሳደገውን ዛፍ በገዛ መጥረቢያው ጣለው። ከዚያ ወዲህ እርስዎና እሱ ሰላምታ እንኳ የላችሁም። አባባ፣ ያን ቀን «ዛፉ ነው» ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ዛፉ ከወደቀ ዓመት አለፈው፤ ውሃው ሞልቷል፤ ቄጠማው ግን አልተመለሰም። በየካቲት ማስተዋል የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት ሥሩንና ጭቃውን ወስዳ አስመረመረች። እርሳስ የሚባለው ብረት ሥሩ ላይ ተከማችቶ እድገቱን ይዞታል አለች። ከላይ ባትሪ የሚፈታ ሰው እንዳለ ስትጠይቀኝ አላውቅም አልኳት፤ የባትሪ አሲድ ጠባሳ እጄ ላይ እያለ።

ከረግረጉ በላይ ያለው የእኔ ባትሪ ቤት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የባጃጅና የሶላር አሮጌ ባትሪ እየፈታሁ አሲድና እርሳስ ያለበትን እጣቢ በጓሮው ቦይ ስደፋ ኖርኩ። ዝናብ ያጥበዋል እል ነበር፤ ዝናቡም አጥቦ የእርስዎ ቄጠማ ላይ አወረደው። አላወቅሁም እንዳልል ደግሞ፣ ሽማግሌ በተቀመጠበት ሰሞን የቦዩ ዳር ሣር ሲደርቅ አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። ይህ ነው የሚበላኝ።

ባለፈው እሑድ ዘውዱ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ቢመታኝ በወደድኩ። እሱ ግን የዛፉ ጉቶ ላይ እንደ ተቀመጠ፣ «ከብቱ እኮ የሚጠጣው ከረግረጉ በታች ነው፤ የእናንተም የእኛም» አለኝ። ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። በማግስቱ አብረን መጠጫውን ወደ ላይኛው ምንጭ አዛወርን። ቦዩን ደፍኛለሁ፣ ባትሪ ቤቱንም ዘግቻለሁ። ለማስተዋልም እውነቱን ነገርኳት፤ ጭቃው እስኪጠራ ዓመታት ይፈጃል ብላለች። አሁን ጥጃዋ ስትጠባ ባየሁ ቁጥር እፈራለሁ።

ለሠናይት፣ ለባለቤቷ ለአማኑኤል፣ ለትንሿ ሜሮን ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እናቴ ዓይንዎን በእጅዎ እንዳያሹ ትላለች። ዘውዱን ለአባባ ምን ልጻፍልህ ብዬ ጠይቄው ነበር። ዓይናቸው እንዴት ሆነ በልልኝ አለ። አባባ፣ የዚህን መልስ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ይላኩለት።

በደለኛ ልጅዎ ይሻው
ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.