የርብ ዳሩ ወቦ

ሰኞ፣ ኅዳር ፬ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ጊደሬን ሆድ ዕቃዋን ዘርግፎ ነው የተዋት። ርብ ዳር፣ ደንገሉ ሥር አገኘናት፤ አንድ ጭኗ የለም። ጅብ ነው አልኩ፣ ማን ሰምቶኝ! ወንዶቹ ሁሉ «ወቦ ነው» አሉ፤ ከአንበሳ የሚበልጠው፣ ዝንጉርጉሩ፣ ዘሩ አልቋል የሚባለው አውሬ። ይባስ ብሎ ቄሱ አባቴ «ቆዳውን በልጅነቴ ደብረ ታቦር ቤተ ክርስቲያን ተሰቅሎ አይቻለሁ» አሉ። የባሌ የጓንጉል ዓይን በራ። ወቦ የገደለ ሰው ስሙ እስከ ልጅ ልጅ ይፎከርበታላ! ሐሜት አይሁንብኝና እስከ ዛሬ ከዶሮ በቀር የገደለው የለም። አባቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ ዳዊት እንድደግም ነበር፤ እኔ ባሌን አማበታለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፭

ጎረቤታችን አያ ተሰማ ሞቱ። በሬያቸውን ሊያጠጡ ወርደው ሳሉ አውሬው ከደንገሉ ዘሎ ፊታቸውን ነጨው። መንጋጋቸው ተንጠልጥሎ ነበር። ሚስታቸው በነጠላዋ ደግፋ ያዘችው፤ እስኪሞቱ አልለቀቀችም። ከእንግዲህ ጅብ ነው አልልም።

ከቀብር መልስ ወንዶቹ ለነገ ተማማሉ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ሌላ ሰው ቢጨርሰውም ግዳዩ የሚቆጠረው ቀድሞ ደሙን ላፈሰሰው ነው። ጓንጉልና ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ «እቀድምሃለሁ»፣ «እስቲ እናያለን» ሲባባሉ ዋሉ። ፈራሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፮

ወንዶቹ ደንገሉን ከበቡ። እኛ ሴቶቹ ከጉብታው ላይ ነበርን። «ገዳይ! ገዳይ!» ሲል የጓንጉልን ድምፅ ሰማሁ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እልል አልኩ። ራሱን ልቀባው ቅቤ ይዤ ሮጥኩ።

በቃሬዛ ያመጡት ደሳለኝን ነው። የጓንጉል ጦር ሽንጡ ውስጥ ተሰክቷል። ደንገሉ ሲነቃነቅ ሌላ እንዳይቀድመው ብሎ፣ ጓንጉል ሳያይ ወረወረ። በወንድሜ ደም እልል አልኩ!

ሐሙስ፣ ኅዳር ፯

ደሳለኝ ነፍሱ አለች። ጓንጉል ሸሽቶ ቤተ ክርስቲያን ገባና ደወል ደወለ፤ ደወል የደወለን ሰው ማንም ከዚያ አያወጣውም። የደብሩ ቄስ ደግሞ አባቴ ናቸው። የልጃቸውን ወጊ የሚጠብቁት እሳቸው ሆኑ! ታላቅ ወንድሜ ፈንቴ ጠመንጃውን አጉርሶ መጣ። «አባ፣ ያውጡልኝ» አለ። አባቴ መስቀላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ፤ «መጀመሪያ እኔን ግደልና ግባ» አሉት። ፈንቴ አጥሩን በሰደፍ ደበደበው፤ ከዚያ ተቀምጦ አለቀሰ። ደሳለኝ ከሞተ ግን አይለቀውም። ጓንጉል አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም።

ምሳውን ወስጄ ሰጠሁት፣ ፊቱን አላየሁትም። በእጄ ላንቀው እፈልጋለሁ። እንዲገድሉብኝ ግን አልፈልግም።

ዓርብ፣ ኅዳር ፰

ውሾቹ አውሬውን አወጡት፤ ሰዉ በመጥረቢያ ከታተፈው። ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ አንበሳ ነው። «ዝንጉርጉሩ በእርጅና ለቆት ነው እንጂ ወቦ ነው» ብሎ የሚከራከር አልጠፋም።

ለደሳለኝ ነገርኩት። «ጓንጉል ወቦ ገድሏል በሉ፤ ወቦው እኔ ነኝ» አለ። ሲስቅ ቁስሉ ደማ። እኔም ስስቅ እንባዬ መጣ። ቀጥሎ ፈንቴን አስጠራው። «ብሞት ደሜን እንዳትፈልግ፣ ማልልኝ» አለው።

«ከዳንክ እምልልሃለሁ» አለ ፈንቴ። «ከሞትክ አልምልም።» ጠመንጃውን ከትከሻው ሳያወርድ ወጣ።

የደሳለኝ ትኩሳት አልወረደም። አሁን እንቅልፍ ወስዶታል። በቀኜ እጽፋለሁ፤ ግራ እጄን ደረቱ ላይ አድርጌያለሁ። ይተነፍሳል።