ሬድዮውን አትንኪው

ስሚ፣ ለጆሮዬ ሐኪም ጋ ሄጃለሁ። ሩዙ ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቀሽ ብዪ።

ሬድዮውን አትንኪው። ጣቢያ ሳይዝ ሲንሿሿ የተውኩት ረስቼው አይደለም። የጆሮዬን ጩኸት የሚሸፍንልኝ እሱ ብቻ ነው። ስንቴ ልንገርሽ?

ከአልጋዬ እስከ መታጠቢያ ቤት የደረደርኳቸውን ወንበሮችም እንደነበሩ መልሰሽ ደርድሪያቸው።
ቤቱ ሲዞርብኝ የምይዘው እነሱን ነው። አንቺ እንግዳ ይመጣል ብለሽ አነሳሻቸው፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ተዘረርኩ። መስታወትሽ የተሰበረውም ያኔ ነው።
ይቅርታ። ለመስታወቱ ነው።

ትናንት ግድግዳ ይዤ ደረጃውን ስወርድ፣ ለአከራያችን "ዛሬ ደግሞ በጠዋቱ ጀመረች፣ ጠጥታ ነው" ብለሽ ስትስቂ ነበር።

ጆሮዬ ይጮሃል እንጂ አልደነቆርኩም።