ማክሰኞ ማክሰኞ የምትመጣው ሴትዮ

ይድረስ ለሩቁ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ሲሚንቶ መሸከሙን ተውክ ወይስ ዛሬም «ደህና ነኝ» እያልክ ትደልለኛለህ? አብሮህ የሚያድረው የአክስትህ ልጅስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ዓይኔ የመርፌ ቀዳዳ አላይ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። ልጅህ ወፍሯል፤ አገጩ ያንተው ነው።

ስለ ሚስትህ ጠይቀኸኛል። ከወለደች ሦስት ወሯ ነው፤ ታጠባዋለች እንጂ ልጁን አታየውም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ይሰጣታል ስል አንዲት ሴትዮ ላከብን። ሐኪም አይደለች፣ ነርስ አይደለች፤ የአራት ልጆች እናት ናት፣ ጥቂት ጊዜ አሠልጥነዋታል አሉ። ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣና በር ዘግተው ያወራሉ። መርፌ የለ፣ ኪኒን የለ፤ ወሬ ብቻ! ወሬ መድኃኒት ቢሆን እኛ ሰፈር ማን ይታመም ነበር?

አንተም መምጣቷን በስልክ ሰምተህ «የቤታችንን ገመና ልታወጣ ነው፣ አባሪያት» ብለህ ጽፈሃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና እኔም የስፌት መኪናዬን በሩ ሥር አስጠጋሁ። ግን መኪናዬ ስትጮህ ያወራሉ፣ ሳቆማት ዝም ይላሉ። እግሬን ለመርገጫው፣ ጆሮዬን ለበሩ ሰጥቼ ስሰፋ የአንድ ተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ አፉን ደፍኜ ሰፋሁት። አትሳቅ!

ባለፈው ማክሰኞ የሰማሁት ሐሜት አልነበረም። ሚስትህ፣ «ልጁ ሲያለቅስ የሌላ ሰው ልጅ የሚያለቅስ ይመስለኛል፣ ጥዬው ልሂድ ልሂድ ይለኛል» አለቻት። ሴትዮዋ አልተቆጣቻትም፤ ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ጠየቀቻት። ሚስትህ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። በማግስቱ ልጁን ታቅፋ ጥፍሩን ስትቆርጥለት አየኋት።

ልጄ፣ ገመና ካልክ የኔን ልንገርህ። አንተን የወለድኩ ጊዜ እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር፣ በሆዴ። ሁለት ወር ሙሉ ያቀፈችህ አክስትህ ናት። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ሃያ ሰባት ዓመት ዋጥኩት። የጠየቀኝም አልነበረም።

ሴትዮዋን አሁንም አላምናትም፤ ስትወጣ ቦርሳዋን አያለሁ። ግን አላባርራትም። መኪናዬን ከበሩ አርቄያታለሁ፤ ደፍረው እንዲያወሩ ክር ሳላስገባ ዝም ብዬ እረግጣለሁ። አንተም ስትደውል አትቆጣት።

የአክስትህን ልጅ «እናትህን ናፍቀሃታል» በለው። ለፎርማኑና ምግብ ለምታበስልላችሁ ሴት ሰላምታዬን አድርስ። ሚስትህ «ይሻለኛል በይው» ብላሃለች፤ ልጅህን እኔ ስሜልሃለሁ።

በል በሩ ተንኳኳ፣ እሷው ናት። ልሂድና ልርገጥላቸው።

እናትህ
ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር
ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ፬ ቀን