አቮካዶው ሥር ያለው የኋላ ወንበር

ውድ አጎቴ ጋቻንጃ፣

ስልኬን ስለማያነሱልኝ ነው የምጽፍልዎ። አልተቀየምኩም፤ እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን አላነሳም ነበር። ይህን ወረቀት እናቴ ይዛልዎ ትመጣለች። እንዳታነበው ለምኛታለሁ፤ ግን እናቴን ስለምናውቃት፣ እንዳነበበችው ቆጥረን እንቀጥል።

ባለፈው ቅዳሜ ንጃቢኒ ላይ የሆነውን ለእርስዎ መተረክ ድፍረት ነው፤ ከሁሉም በላይ የሆነው በእርስዎ ላይ ነውና። እኔ መጻፍ የፈለግኩት እዚያ ጭቃ ላይ እንዴት እንደደረስኩ ነው። አንድ ቀን ተነስቼ አልደረስኩም። ትንሽ በትንሽ ነው የሄድኩት፣ በየወሩ አንድ ዕቃ እየፈታሁ።

መኪናዋ የመጣች ሰሞን ትዝ ይልዎታል? ከጃፓን በመርከብ ሞምባሳ፣ ከሞምባሳ ናይሮቢ፣ ከዚያ በቀጥታ ጊቱንጉሪ እርስዎ በር ላይ። ሰማያዊ ሱባሩ፣ ኮፈኗ ላይ አየር የምትስብበት አፍንጫ ያላት፣ አንድ ጭረት እንኳ የሌለባት። ሳልመረቅ አልነዳትም ብዬ ከፊትዎ አቆምኳት። ቆብዎን አውልቀው እየዞሩ እንትፍ እንትፍ አሉባት። ከዚያ የኋላውን በር ከፈቱና ወንበሩን በእጅዎ ጫን ጫን አድርገው፣ "እዚህ ላይ ሙሽራችንን ይዘህልን ና" አሉኝ። አክስቴ ዋይሪሙ ሙሽራዋ የታለች ብላ ሳቀች። ያኔ ዋንጌቺን ገና አላወቅኳትም።

ስለ መኪና የማውቀው ቁልፍ ማዞርና ነዳጅ መሙላት ብቻ ነበር። እሁድ እሁድ እንደኔ ዓይነት መኪና ያላቸው ልጆች ከሚሰበሰቡበት ሜዳ ስሄድ ግን ሌላ ዓለም አገኘሁ። መኪናዬን ዞረው አዩና ጎማውና ከላይ ባለው ቆርቆሮ መካከል ጣታቸውን አስገቡ። አራት ጣት ገባ። ኦዱዎር የሚባለው መካኒክ፣ "ወንድሜ፣ እዚህ ውስጥ ድመት ከነልጆቿ ታድራለች" አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ትልቅ ሰው በዚህ ያፍራል? እኔ አፈርኩ።

መጀመሪያ ማርሚታውን ቀየርኩ። ድምፁ ስለጨመረ ፍጥነቱም የጨመረ መስሎኝ ነበር። ከወተት መረከቢያው ጋ ስደርስ እናንተ ቤት ይሰማ ስለነበር፣ አክስቴ ወዲያውኑ ሻይ ትጥዳለች፤ በሩ ላይ ስቆም ሻዩ ፈልቶ ይጠብቀኛል። እርስዎ ግን ላሟ በደነገጠች ቁጥር ወተት እንደምትከለክል ነገሩኝ፤ የጎደለውን ወተት ከጃፓን አስመጣልኝ ብለው ቀለዱብኝ። እኔ ቀልዱን ብቻ ሰማሁ።

ከዚያ ቸርኬው ተቀየረ። ከዚያ ከኋላ ክንፍ ተተከለላት። ከዚያ ሞላዎቹ በአጫጭር ተተኩና መኪናዋ መሬት ላይ ተለጠፈች፤ አሁን አንድ ጣትም አይገባም። ከፊት ፓራውልቱ ሥር መሬት ሊልስ የደረሰ ከንፈር አስገጠምኩላት። ከፊት ያሉትን ሁለት ወንበሮች አውጥቼ ሰውን እንደ እንቁላል አቅፈው የሚይዙ የውድድር ወንበሮች፣ ከነባለ አራት ማሰሪያ ቀበቷቸው አስገባሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ክብደት ትቀንስ ተባለና የኋላውን ወንበር ነቀልኩት። ከቢሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቢሮ ለመመላለስ ክብደት የቀነስኩ ሰው ነኝ።

ወንበሩን አምጥቼ ስጦታ ነው አልኩዎ። እውነቱን ልንገርዎ፦ እኔ ቤት ማስቀመጫ ስላጣሁ ነው። እርስዎ ግን እንደ ስጦታ ተቀበሉት። አቮካዶው ሥር ድንጋይ ደልድለው አስቀመጡትና እንግዳ በመጣ ቁጥር "ኑ፣ ጃፓን ላይ ተቀመጡ" ማለት ጀመሩ። ያን ዕለት ሻዩን እየጠጣን ሳለ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ሙሽራዋስ የት ልትቀመጥ ነው?"

ከፊት ትቀመጣለች ብዬ ሳቅኩ። እርስዎ አልሳቁም።

ዋንጌቺን ሳገኛት መኪናዋ ተጠናቃ ነበር። ድንች አምራች ቤት ያደገች አስተማሪ ናት፤ መኪና ለእሷ ሰውና ዕቃ የሚጭን ነገር ነው። ለጥሎሹ ቀን ስንዘጋጅ መንገዳቸው የድንች መኪና ያረሰው ጭቃ መሆኑን ነገረችኝ፤ ሌላ መኪና ተከራይ ብላ ለመነችኝ። እምቢ አልኩ። የወንድ ወገን መኪኖች ተሰልፈው ሲገቡ ከፊት የኔ እንድትሆን ፈለግኩ። አባቴ በሕይወት ስለሌለ የሚናገርልኝ እርስዎ ነዎት፤ ተናጋሪው ደግሞ ከፊተኛው መኪና ይወርዳል። ሁሉም የሚያየው ያንን ነው። ሐሳቤ ይኸው ነበር፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ጠዋት ላይ እናቴ፣ አክስቴና ሌሎቹ ሴቶች በተከራየናት ማታቱ ሚኒባስ ውስጥ ከነዘፈናቸው ገቡ። እርስዎ ጥሩውን ኮትዎን ለብሰው፣ ጭራዎን ይዘው፣ ራስዎ የጠመቁትን የማር መጠጥ፣ ሙራቲናውን፣ በቅል አቅፈው መጡ። ወገብዎ እንደሚያምዎት አውቃለሁ። ያ ወንበር ጉድጓድ እንደሆነም አውቃለሁ። እኔ ግን የተጨነቅኩት ለቅሉ ነው፤ ማሩ ወንበሩ ላይ እንዳይፈስ። ከመግባትዎ በፊት ወንበሩ ላይ ላስቲክ አነጠፍኩ። አይተው ቆሙ። ከዚያ፣ "ምነው ሙቺሪ፣ እንቁላል እንድጥልልህ ነው?" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እርስዎም እየሳቁ ገቡና ቀበቶውን እኔ አሰርኩልዎ።

ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ያ ላስቲክ ከዓይኔ አልጠፋም። አባቴ የሞተ ዓመት ትምህርት ቤት የሚያደርሱኝ በወተት ብስክሌትዎ ነበር። ኋላ ያለው ብረት እንዳይቆረቁረኝ ኮትዎን አውልቀው አጣጥፈው ያነጥፉልኝ ነበር፤ በዚያ የጊቱንጉሪ የጠዋት ብርድ በሸሚዝ እየነዱ። ወተት ሲፈስ ኮቱ ላይ ይፈሳል። አንድም ቀን ተጠንቀቅ ሲሉኝ አልሰማሁም። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለእርስዎም።

ከፍላይኦቨር ታጥፈን ንጃቢኒን እንዳለፍን አስፋልቱ አለቀ። ማታውን ዘንቦ ነበር። መንገዱ በሁለት በኩል ተቦርብሮ መሐሉ እንደ ጀርባ አጥንት ወጥቷል። አስፋልቱ የሚያልቅበት ሱቅ ጋ ቆሜ እርስዎን ወደ ማታቱ ማዛወር እችል ነበር። ዋንጌቺም ደውላ ይህንኑ ነግራኛለች። ምንም አትሆንም አልኳት። ማታቱዋ ልትቀድመኝ ስትል መንገድ ዘጋሁባት፤ እርስዎ ያኔ ዞር ብለው አዩኝ።

የእነ ዋንጌቺ በር ታየን። እንደ ደንቡ ተዘግቶ፣ የሴት ወገን ሴቶች ከኋላው ሆነው እናንተ ማናችሁ እያሉ እየዘፈኑ ነበር። የኛዎቹም ከማታቱዋ ውስጥ መመለስ ጀመሩ። እኔ ድምፅ ላሰማ ብዬ ነዳጅ ረገጥኩ። መኪናዋ ዘላ በሆዷ መሐሉ ላይ ተቀመጠች፤ ጎማዎቹ ጭቃ እየረጩ ባዶ ዞሩ። ቅሉ ተገለበጠና ሙራቲናው በሙሉ ጭንዎ ላይ ፈሰሰ። ቀበቶውን ለመፍታት ሲታገሉ አይቻለሁ። አልፈታሁልዎም። በሬን ከፍቼ ወረድኩ፣ ጭቃው ላይ በሆዴ ተኛሁና የፊቱን ከንፈር አየሁ። ተሰንጥቋል።

ዘፈኑ ቆመ። በሩ ተከፈተና ደንቡን ረስተው ሴቶቹ ሮጡ። ሁለቱ እጅዎን፣ አንድ ድንች ጫኝ ብብትዎን ይዞ እንደ ጥጃ ከዚያ ወንበር ጎትተው አወጡዎ። ቆብዎ ወደቀ። እኔም ያኔ ነው የጮህኩት። ምን ብዬ እንደጮህኩ እርስዎም ሰምተዋል፤ ቢሆንም በእጄ ልጻፈው።

"ፓራውልቷን! ፓራውልቷን እንዳትረግጡብኝ!"

የዋንጌቺ አክስት ያነሱትን ቆብዎን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ቀና ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ ጥሎሹን ያመጣኸው ለየትኛዋ ነው?" አሉና ጎማውን በእግራቸው ነካ አደረጉት። "ለኛዋ ነው ወይስ ለዚህች?"

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

እርስዎ ቆብዎን ተቀብለው፣ ሱሪዎ ከማርና ከጭቃ እየተጣበቀ፣ ለዋንጌቺ አባት የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ይዤ የመጣሁት መጠጥ ፈሷል፤ ዛሬ የምናገረው የለኝም።" ከዚያ ማታቱዋ ውስጥ ገብተው ከእናቴ አጠገብ ተቀመጡ። የዋንጌቺ አባት ደግ ናቸው፤ ላመጣናቸው ሰዎች ሁሉ ምሳ አበሉ። ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ ተመለሱ አሉን፤ የሚናገርላችሁን ሰው ይዛችሁ። ቤት ስንደርስ ደግሞ እርስዎ ለእናቴ፣ ለዚያ ልጅ የምናገርበት አፍ የለኝም ማለትዎን ሰማሁ።

ያላዩት አንድ ነገር ይህ ነው። ሰው ሁሉ ከገባ በኋላ በዶማ ከመኪናዋ ሥር አፈር ስቆፍር ዋንጌቺ መጣች። ሙሽራዬ የትኛዋ እንደሆነች እንድለይ፣ እንደ ደንቡ ከሌሎች ሴቶች ጋር የምትሸፈንበት ጨርቅ ገና ትከሻዋ ላይ ነበር። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣችም።

"ጩኸትህን ስሰማ ጨርቁን ጥዬ ሮጥኩ" አለችኝ። "አጎትህ የተጎዱ መስሎኝ። ለእሳቸው የጮህክ መስሎኝ።"

ዶማውን ጭቃው ላይ ጣልኩ።

"እሳቸው ካልመጡ አንተም እንዳትመጣ" ብላኝ ገባች።

አጎቴ፣ በጣም አፍሬአለሁ። ፊቴን ስታጠብ አፍራለሁ፣ ቢሮ ተቀምጬ አፍራለሁ። የማፍረው በጭቃው አይደለም፤ ጭቃ ይታጠባል። ሰው ሲደነግጥ ከአፉ የሚወጣው የሚወደው ነገር ስም ነው፤ የኔንም ሁለት ቤተሰብ ቆሞ ሰማው።

ሰኞ ዕለት ኦዱዎር ጋ ሄጄ የነበረችበት መልሳት አልኩት። ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። የድሮዎቹን ሞላዎች ከጓሮው ቆፍሮ ያወጣቸው ያህል አወጣቸው። ክንፉ ወረደ። ከንፈሩ ወረደ። የፊት ወንበሮቹ ተመለሱ። አሁን ድመት ከነልጆቿ ትገባለች። እሁድ እዚያ ሜዳ ብሄድ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ አልሄድም እንጂ።

የቀረው የኋላ ወንበሯ ነው፤ እሱም እርስዎ ጋ ነው። የሰጠሁትን መልሱልኝ ማለት ሌላ ውርደት መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ አልጠይቅዎትም። ከገና በፊት ባለው በዚያው ቅዳሜ ጠዋት መፍቻዬን ይዤ እመጣለሁ። ወንበሩ በር ላይ ወጥቶ ካገኘሁት፣ እዚያው ፊትዎ አስሬው እርስዎና አክስቴ ከኋላ እግራችሁን ዘርግታችሁ ትቀመጣላችሁ፤ እናቴ ከፊት ትሆናለች፤ ማታቱዋ ትቀድማለች፣ እኛ ከኋላ ቀስ ብለን እንከተላለን። መንገዱ ከከፋ ሱቁ ጋ አቁሜ በእግራችን እንሄዳለን፤ ቅሉን እኔ እይዛለሁ። ወንበሩ አቮካዶው ሥር እንዳለ ካገኘሁት ደግሞ አንድም ቃል አልከራከርዎትም። ጉልበትዎን ስሜ፣ ለዋንጌቺ ራሴ እነግራታለሁ።

ወንበሩን ላስቲክ አላለብሰውም። ጤዛ አርጥቦት ከሆነ ጃኬቴን አነጥፍልዎታለሁ።

ለአክስቴ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ማርሚታውም ተመልሷል፤ ከወተት መረከቢያው ጋ ስደርስ የመኪናዋ ድምፅ ከእንግዲህ አይሰማም። ላሟም አትደነግጥም፣ ሻዩም ቀድሞ አይጣድም። ስለዚህ ያን ቅዳሜ እባክዎ መንገዱን ይዩልኝ።

የወንድምዎ ልጅ፣
ሙቺሪ